የእትዬ የሺመቤት ቺፕና የሚቀድም ያጣው በር

ተረት እላለሁ፤ እናንተ በረቱን ክፈቱልኝ። ላም አላስገባም፤ የማስገባው ከምስር ፍሬ የምታንስ አንዲት ነገር ነው።

በአንዲት አገር እትዬ የሺመቤት የምትባል ሴት ነበረች። ዕድሜዋን የጨረሰችው ስልክ ቤት፣ ሰውን ከሰው ስታገናኝ ነው። ጡረታ ስትወጣ ጆሮዋ ደክሞ ነበርና በመስሚያ መሣሪያ ትሰማለች። ባሏ ጋሽ ውብሸት ጨዋታ አዋቂ ነው፤ ግን ጉሮሮውን ታሞ ሐኪም ድምፅህን ከፍ እንዳታደርግ ስላለው የሚያወራው በሹክሹክታ ነው። እሱ ያንሾካሹካል፣ እሷ በመሣሪያዋ ትሰማለች፣ በረንዳቸው ላይ ይሳሳቃሉ። ምንም አልጎደለባቸውም።

አንድ ቀን ግን መሣሪያው ጭጭ አለ። ሌላው ሰው ሁሉ ይጮህላታል፤ ጎረቤቱ ይጮሃል፣ ባለሱቁ ይጮሃል፣ የታክሲው ረዳት ድሮም ጯሂ ነው። የማትሰማው ባሏን ብቻ ሆነ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ታያለች፣ ያለውን ግን አታውቅም። ይህ ነገር አንጀቷን በላው።

"የውቤን ወሬ ልስማ እንጂ ሌላ ምንም አልፈልግ" አለችና መሣሪያዋን ይዛ ወደ ጠጋኙ ወደ ፈለቀ ሄደች።

ፈለቀ መሣሪያውን ከፍቶ አየና በጆሮዋ ጮኸ። "እትዬ፣ ቺፗ ተቃጥላለች! ይቺ ትንሽ ጥቁር ነገር የመሣሪያው አእምሮ ናት። ይህ ዓይነቱ ደግሞ ከውጭ መምጣቱ ቀርቷል። እዚሁ አገር ቺፕ መንደፍ የተማረች ልጅ አለች አሉ። እሷ ትቅደም፣ እኔ እከተላለሁ።"

እትዬ የሺ ወደ ነዳፊዋ ሄደች። ነዳፊዋ ኮምፒውተሯ ላይ የከተማ ካርታ የሚመስል፣ መንገድ በመንገድ የሆነ ሥዕል ዘርግታ ተቀምጣለች።

"ልጄ፣ ጠጋኙ አይጠግን፣ እኔም ባሌን አልሰማ። እባክሽ ቺፕ ንደፊልኝ።"

"በደስታ ነበር እትዬ" ብላ ጮኸች ነዳፊዋ። "ግን ነድፌ ነድፌ የሚሠራልኝ አጣሁ። ንድፍ አይበላ፣ አይለበስ። ባለፋብሪካው ይቅደም፣ እኔ እከተላለሁ።"

እትዬ የሺ ወደ ባለፋብሪካው ሄደች። ፋብሪካው አለ፤ ግድግዳው ተቀብቷል፣ ማሽኑም ተገዝቷል። ላስቲኩ ግን ገና አልተገፈፈም።

"ወንድሜ፣ ነዳፊዋ አትነድፍ፣ ጠጋኙ አይጠግን፣ እኔም ባሌን አልሰማ። እባክህ ማሽንህን አስነሣ።"

"እትዬ፣ ቺፕ ስትሠራ ደጋግማ በውሃ ትታጠባለች" አለ ባለፋብሪካው። "እኔና እርስዎ የምንጠጣው ውሃ ለእሷ ጭቃ ነው። ውሃ አጣሪው ይቅደም፣ እኔ እከተላለሁ።"

ወደ ውሃ አጣሪው ሄደች። ባለፋብሪካው ማሽን አያስነሣ፣ ነዳፊዋ አትነድፍ፣ ጠጋኙ አይጠግን፣ እሷም ባሏን አትሰማ፤ ይህንኑ ነገረችው። ውሃ አጣሪው አዘነላት፣ ወንበርም ሰጣት። ማዘን ግን ውሃ አያጠራም።

"እትዬ፣ ማጣሪያዬ እየሠራ መብራት ድርግም ካለ ያጣራሁት ሁሉ ይበላሻል፤ እንደገና ከሀ መጀመር ነው። ባለመብራቱ ይቅደም፣ እኔ እከተላለሁ።"

ወደ ባለመብራቱ ሄደች። ውሃ አጣሪው አያጣራ፣ ባለፋብሪካው ማሽን አያስነሣ፣ ነዳፊዋ አትነድፍ፣ ጠጋኙ አይጠግን፣ እሷም ባሏን አትሰማ።

"የማይቋረጥ መስመር መዘርጋት እችላለሁ፤ ችግሩ መዘርጋቱ አይደለም" አለ ባለመብራቱ። "ሌት ተቀን እየተፈራረቀ የሚጠብቀው የሠለጠነ ሰው የለኝም። አሠልጣኟ ትቅደም፣ እኔ እከተላለሁ።"

ወደ አሠልጣኟ ሄደች። እዚህ ላይ ትንፋሽ ውሰዱ፤ እኔም ልውሰድ። ባለመብራቱ አይዘረጋ፣ ውሃ አጣሪው አያጣራ፣ ባለፋብሪካው ማሽን አያስነሣ፣ ነዳፊዋ አትነድፍ፣ ጠጋኙ አይጠግን፣ እትዬ የሺም ባሏን አትሰማ።

አሠልጣኟ ሁሉንም በጥሞና ሰማች። "እትዬ፣ ክፍሉም አለኝ፣ ሰሌዳውም አለኝ። ግን የሰው ልጅ አሠልጥኜ ሥራ ፈት ላድርገው? ቺፑን የሚገዛ ከሌለ ማን ይቀጥራቸዋል? ገዢው ይቅደም፣ እኔ እከተላለሁ።"

"ገዢው ማን ነው?"

"ጠጋኙ ነዋ!"

ዞሮ ዞሮ ከቤት አሉ። እትዬ የሺ አሠልጣኟ ደጅ ላይ ቁጭ አለች፤ ሳቋም መጣ፣ ንዴቷም መጣ። ክፉ ሰው ብታገኝ ተጣልታ ይወጣላት ነበር። እነዚህ ግን አንዳቸውም እንቢ አላሉ፤ ሁሉም እሺ ነው የሚሉት። ሁሉም ጨዋ ሆነው አገሩ ያለ ቺፕ ቀረ። ስልክ ቤት ሳለችም እንዲህ ያሉ ደንበኞች ነበሯት፤ መስመሩ ተገናኝቶ ሳለ ሁለቱም ሌላው እስኪጀምር ዝም የሚሉ። ያኔ ታደርግ የነበረውን አደረገች፤ ጣልቃ ገባች።

"ቅዳሜ ጠዋት ሁላችሁም ፋብሪካው ትመጣላችሁ፤ የቀረ ሰው ከእኔ ጋር ተጣላ" ብላ ላከችባቸው። ትልቅ ሰው ጠርቶ መቅረት ነውር ነውና ሁሉም መጡ።

መጡ፤ መግባቱ ግን ሌላ ጣጣ ሆነ። የፋብሪካው በር ጠባብ ነው። ባለፋብሪካው በሩን ከፍቶ "ይግቡ" አለ። ባለመብራቱ "አይሆንም፣ ሴቶች ይቅደሙ" አለ። አሠልጣኟ "ኧረ ታላቆቼ እያሉ" አለች። ውሃ አጣሪው "በሞቴ ፈለቀ ይግባ" አለ። ፈለቀ "እኔ የሁላችሁ ታናሽ" ብሎ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ነዳፊዋ ከኋላ ቆማ ጫማዋን ታያለች። ፀሐይ ወጣች፣ ሞቀች፣ አናታቸውን በላች፤ በሩም ተከፍቶ የሚገባበት አጣ።

ጨዋነት ደግሞ በዝግታ ነው የሚነገረው። እትዬ የሺ አንዲትም ቃል አልሰማችም። ያየችው ክፍት በርና የቆመ ሰው ነው። "ምን ይጠብቃሉ እነዚህ?" ብላ በመሃላቸው አለፈች፤ ስታልፍም ከፊቷ ያገኘችውን የፈለቀን እጅጌ ይዛ አስገባችው።

ከዚያ እንደ ልማዷ ጮክ ብላ ተናገረች፤ አዳራሹ አስተጋባ። "ይኸው ፈለቀ ቀድሟል! በል ልጄ፣ የመጀመሪያውን ቺፕ ትወስዳለህ ወይስ አትወስድም?"

ፈለቀ ዘወር ቢል ሁሉም ያዩታል። በር ላይ ያቆመው ይሉኝታ አሁን ደግሞ አፉን አስከፈተው። "እወስዳለሁ፤ አንድ ሳጥን ሙሉ እወስዳለሁ" አለ።

ሰንሰለቱ ያን ጊዜ ተፈታ። ገዢ ሲገኝ አሠልጣኟ አሠለጠነች። የሠለጠነ ሰው ሲገኝ ባለመብራቱ ዘረጋ። መብራቱ ሲረጋ ውሃ አጣሪው አጣራ። ውሃው ሲጠራ ባለፋብሪካው ላስቲኩን ገፎ ማሽኑን አስነሣ። ማሽኑ ሲነሣ ነዳፊዋ ነደፈች፤ እንቅልፍ አጥታ ነደፈች።

በአንድ ጀምበር አልሆነም፤ ክረምትና በጋ ተፈራረቁ። ከመጀመሪያዎቹ ቺፖች ደግሞ አንድም የሚሠራ አልወጣም። ቢመረመር ባለፋብሪካው ብርድ ነው ብሎ ጋቢውን እንደለበሰ ማምረቻው ክፍል ገብቷል። ቺፕ ብናኝ አትወድም፤ ጋቢ ደግሞ ክሩን ያረግፋል። ሠራተኞቹ ከአናት እስከ እግር ተሸፍነው ቆመው እያዩት፣ አለቃን እንዴት ውጣ እንላለን ብለው ዝም አሉ። በማግስቱ ግን ከሠልጣኞቹ አንዷ በሩ ላይ ጠበቀችው።

"ጋሼ፣ ከጋቢዎ ጋር አያልፉም።"

"ፋብሪካው የእኔ ነው እኮ።"

"የእርስዎ ነው። ጋቢውን ግን ለእኔ ይስጡኝ፤ ሲወጡ ይወስዱታል።"

ሰጣት። ቀጥሎ የወጣው ቺፕ ሠራ።

ወሬው ሲሰማ የሚዛን ሠሪው ቺፕ ሊገዛ መጣ፣ የውሃ ፓምፕ ሠሪው መጣ፣ የመብራት ቆጣሪ ሠሪው መጣ። የነዳፊዋ ክፍል ጠበበና ሌላ ተጨመረ፤ ከፋብሪካው ጎንም የሁለተኛ ፋብሪካ መሠረት ተጣለ። አገሩ ባለቺፕ ሆነ፤ በሩ ላይ መገባበዙ ግን እስከ ዛሬ አልቀረም፤ ትንሽ አጠረ እንጂ።

ጠጋኙም ጠገነ። እትዬ የሺ መሣሪያዋን አጥልቃ ቤቷ ስትገባ ጋሽ ውብሸት ምሳ ቀርቦለት እየበላ ነው። አላያትም።

"ዛሬም ጨው በዝቶበታል" አለ በሹክሹክታ፣ ለራሱ።

"ምን አልክ?"

ጉርሻው እጁ ላይ ቀረ። "ሰማሽኝ እንዴ?"

"ደግመህ በለው።"

"ወጡ ጨው በዝቶበታል ነው ያልኩት። ይኸው ቺፗ ከተቃጠለች ጀምሮ በየምሳው ስልሽ።"

"እኔ እኮ ጣፈጠኝ የምትለኝ መስሎኝ በየቀኑ ስጨምርልህ ነበር!"

ጋሽ ውብሸት ድምፁን ለቆ ሳቀ፤ ሐኪሙ የከለከለው ዓይነት ሳቅ ነው፣ ግን ሳቀ። እሷም ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ አጠገቡ ተቀመጠች።

"ሌላስ? ሌላ ምን ስትለኝ ነበር?"

ብዙ ነበር። ጆሮዋን ወደ እሱ አስጠግታ አንድ በአንድ አስደገመችው።

እኔ ጨርሻለሁ፤ ለአፌ ዳቦ የምታመጡልኝ፣ እባካችሁ ጨዋችሁን መጥኑ።