ፊታውራሪ ከሽባባው ጋር የተቋጠሩ ጊዜ

«አገር ገልባጭ» የሚባለው ስም ከየት መጣ ብትሉ፣ ደብተራው ከመጽሐፍ ነው ይላል። አትስሙት! የመጣው ከአንድ አጥንት ነው፤ ያውም ከተጋጠ።

ፍየል ጺም ሳታበቅል በፊት፣ አያ ሽባባው የሚሉት አፈ ጮሌ ገበሬ ነበር። የአገሩ ገዥ ፊታውራሪ ደምለው ግብር ሲያበሉ፣ ሥጋው ከራስጌ ይነሳና በየማዕረጉ ሲወርድ፣ ሲወርድ፣ በሩ ጋ ሽባባው ዘንድ ሲደርስ አጥንት ብቻ! አንድ ቀን ታዲያ አጥንቱን እጅ ነስቶ ተቀበለና፣ ጀርባውን ለፊታውራሪ፣ ፊቱን ለበሩ ሰጥቶ ቁጭ አለ።

«አንተ! ጀርባህን ለማን ነው የሰጠኸው?»

«ጌታዬ፣ ከበሩ ሲቆጠር እኮ ራስጌው እኔ ነኝ።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አጋፋሪው ሳቁን ሊውጥ ሲል ጠጁ በአፍንጫው ወጣ ይላሉ፤ በጆሮውም ወጥቷል።

ፊታውራሪ ጦፉ። «የታቹን ላይ፣ የላዩን ታች ሊያደርግ! ይሄ አገር ገልባጭ ነው!» ስሙ ያን ቀን ተወለደ። ሽባባው ዳኛ ፊት ከተረታ ሠላሳ ጅራፍ ነው፤ ከዚያም ከነሰባት ልጆቹ ከአባቱ ርስት መነቀል።

ያኔ ከሳሽና ተከሳሽ ኩታ ለኩታ ተቋጥረው ነበር ዳኛ ዘንድ የሚሄዱት፤ ቁራኛ ይሉታል። ጌታ የሆነ ሰው በራሱ ፈንታ አሽከሩን ያስቋጥራል። ፊታውራሪ ግን ንዴት አሳወራቸው። «ይህን እባብ ለማንም አላምንም!» ብለው የገዛ ኩታቸውን ከሽባባው ቡትቶ ጋር ቋጠሩት። በዘጠኝ ቋጠሮ!

በቅሎዋ ቀረበች። ሊወጡ ሲሉ ቋጠሮው ጎትቶ መለሳቸው። ሽባባውን ከማፈናጠጥ በእግር መሄድ ይሻለኛል አሉና ተጓዙ። በመንገድ ያገኛቸው ሁሉ እጅ ይነሳል፤ ሽባባው ደግሞ «እንደምን ሰነበታችሁ ልጆቼ!» እያለ ይመልሳል።

«ለእኔ እኮ ነው እጅ የሚነሱት!»

«አውቃለሁ ጌታዬ፤ ደክሞዎታል ብዬ እኔ ልመልስልዎ።»

ምሳ ሰዓት አንድ ጭቃ ሹም ቤት ገቡ። ፊታውራሪን ራስጌ አስቀመጧቸው፤ ሽባባውስ ወዴት ይሄዳል? ራስጌ! ሙሉ ሙዳ ሥጋ ፊቱ ተዘረጋለት። ሁለት ጉንጩን ሞልቶ ሲያላምጥ ፊታውራሪ ጥርሳቸውን አፋጩ።

«አንተ ገበሬ፣ ራስጌ ተቀምጠህ ትበላለህ?»

«ኧረ እኔስ አልበላም ጌታዬ፤ በሩ ጋ ላሉት አጥንት እያዘጋጀሁላቸው ነው።»

ከዋርካው ሥር፣ ዳኛው ፊት ሲደርሱ ፊታውራሪ አቧራ ለብሰው ያነክሳሉ፤ ሽባባው ሆዱ ከበሮ አክሏል።

«ክሱ ምንድን ነው?» አሉ ዳኛው።

«አገር ገልባጭ ነው!»

«እንዲህ ያለ ስም ሰምቼ አላውቅም። ምን ማለት ነው?»

«የታቹን ላይ፣ የላዩን ታች የሚያደርግ ነዋ!»

ዳኛው ወደ ሽባባው ዞሩ። ርስቱን ሲያስብ ጉልበቱ ተብረከረከ፤ ምላሱ ግን ጉልበት የለውም፣ አልተብረከረከም።

«ዳኛዬ፣ እኔ በሩ ጋ አጥንቴን ስግጥ ነበርኩ። ከዚያ ጎትተው ራስጌ ያወጡኝም፣ ራሳቸውን ከበቅሎ ያወረዱም እሳቸው ናቸው። እንግዲህ ገልባጩን እርስዎ ይፈልጉት።»

ዳኛው ሳቃቸውን በጭራቸው ሸፈኑ። «ተረትተዋል ፊታውራሪ! ሽባባው፣ ወደ ርስትህ ግባ። በሉ፣ ፍቱለት!»

ሽባባው ቋጠሮውን በሁለት እጁ ጨበጠ።

«ለሳቸው ይፍቱላቸው ዳኛዬ፤ እኔስ ለምጄዋለሁ።»