መልቀቂያ እንዲህ ይጻፋል

አንድ ቀን፣ ያውም ሰኞ ጠዋት፣ ወንድይፍራው የሚባል የመዝገብ ቤት ሠራተኛ አንዲት ወረቀት በሁለት እጁ ይዞ የአለቃው በር ላይ ቆመ። ወረቀቷ ላይ የሰፈረው አራት መስመር ነው። አራቱን መስመር ለመጻፍ ግን አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶበታል።

የሚሠራበት ቤት «የድልድይ ስም አጣሪ ጽሕፈት ቤት» ይባላል። በወረዳው ያለው ድልድይ አንድ ነው። ስሙም ተጣርቶ ካለቀ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል። መሥሪያ ቤቱ ግን አላለቀም። ዞኑ «የድልድዩ ስም እንደተጣራ ነው ወይ?» ብሎ ይጽፋል። እነሱ «እንደተጣራ ነው» ብለው ይመልሳሉ። ዞኑ «እንደተጣራ የገለጻችሁበት ደብዳቤ ደርሶናል» ይላል። እነሱም «ደርሶናል ያላችሁበት ደብዳቤ ደርሶናል» ይላሉ። ይህን ሁሉ ገቢና ወጪ እያለ ቁጥር የሚሰጠው ወንድይፍራው ነው። ሚስቱ እንደምትምለው ከሆነ እንቅልፍ ወስዶት እንኳ አየር ሲያስገባ «ገቢ»፣ ሲያስወጣ «ወጪ» ይላል።

ሰው እንጀራውን አይጠላም ይባላል። ወንድይፍራው ግን ጠልቶታል፤ አንጀቱ እስኪያር ነው የጠላው። ደግነቱ መውጫ አግኝቷል። የንብ አናቢዎች ማኅበር ቀፎ ተቆጣጣሪ አድርጎ ሊቀጥረው ተስማምቷል። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እስከ ዓርብ ምሳ ሰዓት ድረስ ከመሥሪያ ቤቱ መልቀቂያ ይዞ እንዲመጣ። ካልመጣ ቦታው ለተጠባባቂው ይሰጣል። ተጠባባቂው ደግሞ የማኅበሩ ሊቀ መንበር የሚስት ወንድም ነው። ስለዚህ አንዲት ደቂቃ እንኳ እንደማይጠብቁት ያውቃል።

አለቃው አቶ ልሳነወርቅ ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው በሽማግሌ ይለመናል። እሳቸው አዋቂ ናቸው። ጤና ጣቢያ ሄደው ነርሷን ስለ መርፌ አወጋግ ሲያስተምሩ ሰዓት አልፎ ሳይወጉ የተመለሱ ሰው ናቸው። ቀይ እስክሪብቶ ከደረት ኪሳቸው አይለይም፤ የሠርግ ጥሪ ሲደርሳቸው አርመው ለሙሽራው አባት ይመልሳሉ። በየክፍሉ ግድግዳ ላይም መመሪያ ጽፈው ለጥፈዋል። መዝገብ ቤት የተለጠፈው እንዲህ ይላል፦ «ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት ከኃላፊው ቢሮ የወጣ ወረቀት ሁሉ በዚያው ሰዓት ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥር የተሰጠው ደብዳቤ በቂ ምክንያት በያዘ ሌላ ደብዳቤ ካልሆነ በቀር ከፖስታ ከረጢት አይወጣም። የምክንያቱን በቂነት መዝገብ ቤቱ ይመረምራል። ኃላፊውም ቢሆን ከዚህ ነፃ አይደለም።» በመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር በጣም ይኮሩባታል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወስደው ያስነብቧታል።

እናም ያን ሰኞ የወንድይፍራውን ወረቀት ተቀብለው አነበቡና ቀዩን እስክሪብቶ መዘዙ።

«"ሥራውን ስለጠላሁት" ይላል።»

«አዎ ጋሼ። ጠልቼው ነው።»

«መጥላት ምንድን ነው?»

ወንድይፍራው ግራ ገባው። «መጥላት... ያው መጥላት ነዋ።»

«ስሜት ነው» አሉ አቶ ልሳነወርቅ። «ስሜት ደግሞ ምክንያት አይሆንም። ስሜት የመጣበት ሰው ያንጎራጉራል እንጂ ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ አይጽፍም። ሥራ አለቃቀቅ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ ልጄ። ሂድና እንደ ባለሙያ ጽፈህ ና።»

ማክሰኞ «በግል ጉዳይ ምክንያት» ብሎ ጽፎ መጣ።

«የግልህ ከሆነ ለእኔ ለምን ትነግረኛለህ?» ብለው መለሱለት።

ታይፒስቷ ወይዘሮ አሰገደች አዘነችለት። «አንተ ደግሞ ሞኝ ነህ፤ አመስግናቸው እንጂ። ምስጋና የሚጠላ ሰው አይቼ አላውቅም» አለችውና ረቡዕ ጠዋት ሁለት ገጽ ሙሉ ምስጋና ተየበችለት። መሥሪያ ቤቱ የዕውቀት ምንጭ፣ የፍቅር ማዕድ፣ አለቃው የአባት ምትክ ሆኑ። አቶ ልሳነወርቅ ሁለት ጊዜ አነበቡት። በሁለተኛው ላይ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። ወንድይፍራው በልቡ ማሩን መቅመስ ጀመረ።

«መሥሪያ ቤቱ እንዲህ ገነት ከሆነ፣ ምን ሆነህ ትወጣለህ?» አሉት።

«እንዲያው... ይብቃኝ ብዬ ነው ጋሼ።»

«ከገነት ያለ ጥፋት የወጣ ሰው የለም። ጥፋት አለብህ ማለት ነው። እስኪጣራ ድረስ ንቅንቅ አትልም።»

ወዲያው ጥፋቱን የሚያጣራ ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ አቋቋሙ። ቃለ ጉባኤ መያዝ የሚችል ሌላ ሰው ስላልነበረ የኮሚቴው ጸሐፊ ወንድይፍራው ሆነ። ኮሚቴው ረቡዕ ከሰዓት ተሰብስቦ ወንድይፍራውን ጠየቀው፤ ወንድይፍራውም መለሰ፤ የመለሰውንም ራሱ ጻፈ። ሐሙስ ጠዋት «ምንም ጥፋት አልተገኘበትም» የሚል ሪፖርት ይዞ ቀረበ።

አቶ ልሳነወርቅ ሪፖርቱን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥፋት የሌለበትን ሠራተኛ ደግሞ የትኛው ሞኝ አለቃ ይለቃል?»

ወንድይፍራው ወደ መዝገብ ቤቱ ተመልሶ ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ። ነገ ዓርብ ነው። የሊቀ መንበሩ የሚስት ወንድም ይሄኔ የንብ መከላከያ ጓንቱን እየለካ ይሆናል። እንዲያ ብሎ ሲያስብ ቆይቶ ተነሣና ተመልሶ አለቃው ዘንድ ገባ። ተንኮል አስቦ አልነበረም። እውነትም ግራ ገብቶት ነው።

«ጋሼ፣ እኔ አልቻልኩበትም። የሰው ደብዳቤ ቁጥር ስሰጥ ኖሬ የራሴን መጻፍ አቃተኝ። እስቲ እርስዎ በእጅዎ ጽፈው ያሳዩኝ። አንድ ምሳሌ ባይ ይገባኛል።»

የአቶ ልሳነወርቅ ፊት በራ። ለስንት ዓመት ይህን የሚጠይቃቸው ሰው ሲጠብቁ ኖረዋል።

«ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ» አሉ ወንበራቸውን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አድርገው። «ቁጭ በልና ተመልከት።»

«በእኔ ስም ቢጽፉት...»

«በሰው ስም? በሰው ስም ደብዳቤ መጻፍ ማጭበርበር ነው። ባለሙያ በራሱ ስም ይጽፋል።» ወረቀት አወጡና እየጻፉ ያነቡለት ጀመር። «"ለዞኑ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ።" ደብዳቤ ሁልጊዜ ወደ በላይ ነው የሚጻፈው። "ጉዳዩ፦ ከሥራ መልቀቅን ይመለከታል።" አሁን ምክንያት። ምክንያት ማለት አንባቢው ሊከራከረው የማይችል መሆን አለበት። እንግዲህ ስማ፦ "ለዚህ ኃላፊነት ከእኔ የተሻለ ሰው በቀላሉ እንደሚገኝ በማመኔ።" አየህ? ይህን ማን ይከራከረዋል?»

«እውነትዎን ነው ጋሼ» አለ ወንድይፍራው። «ማንም አይከራከርዎትም።»

«"ስለሆነም ከነገ ዓርብ ጀምሮ..." አየህ፣ ቀኑ ቁርጥ ብሎ መቀመጥ አለበት።»

ጽፈው ሲጨርሱ ወንድይፍራው «ፊርማውስ የት ጋ ነው የሚሆነው?» ብሎ ጠየቀ።

«ያልተፈረመ ደብዳቤ ብጣሽ ወረቀት ነው» ብለው ፈረሙ። ስማቸው የተቀረጸበትን ቲተር መቱ። ማኅተሙንም አንሥተው «ሃ» ብለው ተነፈሱበትና ፊርማው ዳር ላይ አሳረፉት። ከዚያ ሥዕል እንደሚያይ ሰው ወረቀቱን ራቅ አድርገው ተመለከቱት። «በል ወስደህ አጥናው። ነገ እንዲህ አድርገህ ጽፈህ ስትመጣ እናየዋለን።»

«እናየዋለን» የምትለዋን ቃል ወንድይፍራው ያውቃታል። የድልድዩ ስም ራሱ ሁለት ዓመት የፈጀው «እናየዋለን» ተብሎ ነው። ያን ጊዜ፣ የመላእክት ደብዳቤ ጽፎ ቢመጣ እንኳ እኚህ ሰው እንደማይለቁት ቁርጡን አወቀ።

መዝገብ ቤት ገብቶ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ቀና ሲል ዓይኑ ግድግዳው ላይ በተለጠፈው መመሪያ ላይ አረፈ። ወረቀቱን አየ። ተፈርሟል። ማኅተም አለው። ከኃላፊው ቢሮ ወጥቷል። እጁ ከልማዱ የተነሣ ከሐሳቡ ቀድሞ መዝገቡን ገልጦ ነበር። የወጪ ቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ብሎ ጻፈ፤ ፖስታ ውስጥ ከተተ፤ በምራቁ አሸገ፤ የዞኑ ከረጢት ውስጥ ጨመረና ቆለፈ። ወይዘሮ አሰገደች ከማዶ ሆና ሁሉንም ስታይ ነበር። አፏን በነጠላዋ ያዘች።

በዚያ መሥሪያ ቤት ደንብ፣ ዓርብ ጠዋት የዞኑ መኪና መጥቶ ከረጢቱን ከመውሰዱ በፊት ኃላፊው የሳምንቱን የወጪ መዝገብ አይተው ይፈርማሉ። ወንድይፍራው ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን መዝገቡን ይዞ ገባ። ኃላፊው ሞልቶ የሚፈርምበት ባዶ የመልቀቂያ ቅጽም በመዝገቡ ውስጥ ይዟል።

አቶ ልሳነወርቅ ጣታቸውን በመዝገቡ ላይ እያወረዱ አነበቡ። «ሁለት መቶ አሥር፣ የድልድዩ ስም እንደተጣራ ስለመሆኑ። ሁለት መቶ አሥራ አንድ፣ ደርሶናል መባሉ ስለመድረሱ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት፣ የአቶ ልሳነወርቅ ከሥራ መልቀቅ...»

ጣታቸው ቆመ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ምሳሌው ነው ጋሼ።»

«ምሳሌ ቁጥር ይሰጠዋል?»

«ተፈርሞ፣ ማኅተም ተደርጎበት ከኃላፊው ቢሮ የወጣ ወረቀት ሁሉ ይላል መመሪያው። ምሳሌ ሲቀር አይልም።»

አቶ ልሳነወርቅ ብድግ አሉ። «የት ነው ያለው?»

«ከረጢት ውስጥ።»

«አውጣው።»

«በቂ ምክንያት በያዘ ደብዳቤ ካልሆነ በቀር አይወጣም፤ ኃላፊውም ቢሆን ከዚህ ነፃ አይደለም ይላል።»

ውጭ መኪና ቆመ። ሹፌሩ ጥሩምባውን አንዴ ነፋ። አቶ ልሳነወርቅ ዞኑን ያውቁታል። የዞኑ ኃላፊ ያችን ደብዳቤ ያገኙ እንደሆነ በእልልታ ነው የሚቀበሏት፤ «የተሻለ ሰው በቀላሉ እንደሚገኝ» የሚለውን መስመርማ በፍሬም ነው የሚሰቅሉት። አቶ ልሳነወርቅ ሦስት ዓመት ሙሉ የዞኑን ደብዳቤ በቀይ እያረሙ ሲመልሱ ኖረዋላ።

መመሪያውን ልቀደው ብለው አልተነሡም፤ ይህን ለማለት ኩራታቸው አልፈቀደላቸውም። በብጣሽ ወረቀት ላይ በቀዩ እስክሪብቶ ጻፉና እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አኑረው ወረቀቱን ገፋ አደረጉለት። «ሥራዬን ከልቤ ስለምወደው ደብዳቤው እንዲመለስልኝ አመለክታለሁ» ይላል።

ወንድይፍራው አነበበው። አለቃውን ቀና ብሎ አያቸው። ላብ በግንባራቸው ወርዷል፤ ከልባቸው ነው የጻፉት። አሳዘኑት። ግን ምሳ ሰዓትም እየደረሰ ነው። እጁን ዘርግቶ ማንም ነክቶት የማያውቀውን ቀይ እስክሪብቶ ከጠረጴዛው አነሣና «ስለምወደው» የምትለዋን ቃል ከሥሯ አሰመረባት።

«ስሜት ነው ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ። «የእኔ መጥላት ካላስወጣኝ፣ የእርስዎ መውደድ እንዴት ያስቀርዎታል?»

የመኪናው ጥሩምባ ለሁለተኛ ጊዜ ተነፋ። ወንድይፍራው ባዶውን የመልቀቂያ ቅጽ ከመዝገቡ አውጥቶ አለቃው ፊት አኖረው።

ከዚያች ዓርብ ወዲህ መዝገብ ቤት ገብቶ የወጪውን መዝገብ የገለጠ ሰው ሁለት ደብዳቤዎች ተከታትለው ተመዝግበው ያገኛል፤ በቁጥር ሁለት መቶ አሥራ ሦስት «ሥራውን ስለሚወደው እንዲቀር»፣ በቁጥር ሁለት መቶ አሥራ አራት ደግሞ፣ በአቶ ልሳነወርቅ በራሳቸው እጅ የተሞላው፣ «ሥራውን ስለጠላው እንዲሄድ»።