እመት እንጃ

አንድ ጊዜ በአንድ ሰፊ ሐይቅ ዳር የሚኖሩ አራዊት ከማዶ ጥቁር አውሎ ነፋስ ተነሥቶ ውሃውን እየገረፈ ወደ እነሱ ሲመጣ አዩ። ገና የሁለት ቀን መንገድ ይቀረዋል። እንዲህ ያለው ነፋስ ዳር ሲወጣ ዛፉን ከነሥሩ ይነቅላል፤ ሐይቁንም አስከትሎ ይመጣል። ስለዚህ የሁሉም ጥያቄ አንድ ነበር፤ የሚወጣው የት ጋ ነው?

ከሁሉም ይልቅ የጨነቃት አህያ ናት። ከወለደች ገና አራት ቀኗ ነው፤ የውርንጭላዋም እግር አልጠናም። ከሐይቁ ጀርባ ያለው ተራራ ለእሷ የግማሽ ቀን፣ ለእሱ ግን የሁለት ቀን መንገድ ነው። መሸሽ ካለባት ዛሬውኑ መነሣት አለባት። በከንቱ ካንገላታችው ደግሞ መንገድ ላይ ወድቆ ይቀርባታል። ስለዚህ ከማለዳ ጀምራ ዓይኗን ከነፋሱ ላይ አልነቀለችም። ማለዳ ፊቱን በዳሩ አንድ ጫፍ ወዳለው ደንገል አድርጎ ነበር፤ ረፋድ ላይ በሌላው ጫፍ ወዳለው ሾላ ዞረ፤ ቀትር ላይ ተመልሶ መሀል ገባ። እንደ ሰካራም ይወላገዳል።

ከሰዓት በኋላ አንበሳ አራዊቱን ሰብስቦ ማን ምን እንደሚያውቅ ጠየቀ።

«የቱ ጋ እንደሚወጣ እንጃ፣ አያ አንበሶ» አለች አህያ። «ከደንገሉ እስከ ሾላው ካለው ዳር ግን አያልፍም። እዚያ መሀል ያለን ሁሉ ብንነሣ ይሻላል።»

እዚያ መሀል ያሉት ደግሞ ሁሉም ነበሩ። አራዊቱ ሳቁ። ከሁሉ አብልጦ የሳቀው ጅብ ነው፤ ምን እንዳሳቀው ግን እሱም አያውቅም። ከርከሮ ወዲያው «እመት እንጃ» ብሎ ስም አወጣላት፤ ስሙም እዚያው ጸደቀ።

ቀበሮ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቆ ተነሣ። ይህ ቀበሮ ስለ ነፋስ የሚያውቀው ጅብ ስለ ጾም ከሚያውቀው አይበልጥም። ጉሮሮ መጥረግ ግን ያውቅበታል። በጅራቱ አሸዋው ላይ ከሐይቁ ተነሥታ በአንበሳው ዋሻ ደጅ ላይ የምትቆም ቀጭን መስመር አሰመረ።

«ከነገ ወዲያ ቀትር ላይ በዚህች መስመር ይመጣል» አለ። «ከመስመሯ ውጭ ያለ ቅጠል እንኳ አይነቃነቅም።»

አዋቂ ማለት እንዲህ ነው ተባለ። መስመሯ ቀጭን ስለሆነች እውነት መሰለቻቸው። አንበሳ ያን የመሰለ ደረቅ ዋሻ ትቶ ሃያ እርምጃ ፈቀቅ አለ። ሚዳቋ አሥር እርምጃ ቆጥራ ተኛች፤ ከርከሮ ሰባት ይበቃኛል አለ። ጅብማ ነፋሱ የሚጥለው ሥጋ ሳይበርድ እንዲደርሰው ከመስመሯ በሁለት እርምጃ ላይ አፉን ከፍቶ ተቀመጠ። ቀበሮ ያንን ዋሻ ከተመኘው ሦስተኛ ክረምቱ ነው፤ መስመሯን እዚያ ያደረሰበት ሌላ ምክንያት የለውም። አንበሳ ጀርባውን እንዳዞረ ገብቶ ተጋደመ።

አህያ መስመሯን ቆማ አየቻት። እሷ ካለችበት ሩቅ ናት፤ ቀበሮ እውነቱን ከሆነ ልጇ አርፎ ይተኛል። እውነት በሆነላት ደስታዋ ነበር። ቀና ብላ ወደ ሐይቁ ብታይ ግን ነፋሱ እንደገና ፊቱን አዙሯል። «ነፋሱ መስመሯን አላያትም» አለችና ልጇን በአፍንጫዋ እየገፋች ዳገቱን ያዘች። ከኋላዋ «እመት እንጃ፣ ወዴት ነው?» እያሉ ሳቁባት።

በሦስተኛው ቀን፣ ውርንጭላው እየተንገዳገደ የመጨረሻዋን ዳገት ሲወጣ፣ ነፋሱም ዳር ወጣ። የት ጋ መሰላችሁ? ልክ ዋሻው ደጅ ላይ! ቀበሮ በዕድሜው አንድ ቀን እውነት ተናገረ፤ እሷንም ራሱ አላመናትም። ውሃው ዋሻውን ሞላው፤ ቀበሮም ከዚያ አልወጣም። ነፋሱ ግን እንደ መስመሯ ቀጭን አልነበረም። ከደንገሉ እስከ ሾላው ያለውን ጠራርጎ ወሰደው። ሚዳቋ ከነአሥር እርምጃዋ፣ ከርከሮም ከነሰባት እርምጃው ሄዱ።

አንበሳንና ጅብን ውሃው ገፍቶ ተራራው ሥር ጥሏቸው ኖሮ፣ በማግስቱ አንበሳ ጎፈሩ ጭቃ ለብሶ፣ ጅብም አንድ ጆሮውን አጥቶ ተራራው ላይ ደረሱ። ከማዶ ሌላ ጥቁር ነገር እየተነሣ ነበር።

«እመት አህዪት» አለ አንበሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ይኼኛውስ የት ይወጣል?»

«እንጃ» አለች። «ከታች ካለው ዳር ግን አንዱም አያስተማምንም። እዚሁ ሁኑ።»

አንበሳ አልሳቀም፤ እግሯ ሥር ተኛ። ጅብ ግን ውሃውን ከላዩ አራግፎ ትንሽ አሰበና፣ «እሺ፣ በትክክል ከየቱ ጋ ነው ሁለት እርምጃ የምርቀው?» ሲል ጠየቀ። አህያ ልጇን ማጥባቷን ቀጠለች።

ከዚህ የምንማረው የማያውቀውን «እንጃ» የሚል ሰው በሚያውቀው ሊታመን እንደሚገባው፣ ሁሉን አውቃለሁ ባይ ግን እውነት ሲናገር እንኳ ራሱን እንደማያድን ነው።