«እሳቸው» የተባለችው መኪና

አቶ ደምመላሽ ቅርጿ ተለውጦ የተሠራች፣ አገር ውስጥ ገና ያልገባች የስፖርት መኪና ከሁሉ ቀድመው አስመጡና ደጃቸው ላይ አቁመው እንግዶች ጠርተው፣ ያየ ሁሉ አስተያየቱን እንዲናገር አዘዙ።

በሩ ላይ ቆሎ የምትሸጥ ሴት፣ «እሷማ ታምራለች» አለች።

አቶ ደምመላሽ ተቆጡ። «እንዲህ ያለ መኪና ‹እሷ› ይባላል? ‹እሳቸው› በይ፤ አለዚያ ዳግም እዚህ በር ላይ እንዳላይሽ።»

ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካክላ መኪናዋን አንዴ ዞረቻት።

«እሳቸው ከሩቅ ሲያዩዋቸው ግርማ አላቸው። ሆዳቸው ግን መሬት ሊነካ ምንም አልቀረውም። ገና ሳይነኳቸው ይጮኻሉ፤ ውስጣቸውም ለሰው የሚሆን ቦታ የለም።»

እንግዶቹ አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ። አቶ ደምመላሽ ቦርጫቸውን ሳብ አድርገው፣ «ስለ ማን ነው የምታወሪው?» አሉ።

«እኔ ምን አውቄ ጌታዬ» አለች፤ «‹እሷ› ስላት እኮ ከእርስዎ ትለይ ነበር።»