የአቶ ሹመቴ ቀዳዳ

በአንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ የሚሠራው ሶኬት አንድ ብቻ ነበር። ሠራተኛው ጠዋት ጠዋት በእሱ ሲነታረክ የሰለቻት አንዲት ምላሰኛ ተላላኪ፣ ከተጣለ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ፈትታ፣ ጣውላ አልብሳ፣ ስድስት ስልክ በአንዴ ቻርጅ የሚያደርግ ሳጥን ሠራች።

ኃላፊው አቶ ሹመቴ ግን፣ ቻርጁም በማዕረግ ካልሆነ አሉ።

«የመጀመሪያው ቀዳዳ የእኔ ነው። ከእኔ ስልክ ቀድሞ የሚሞላ ካለ፣ ሳጥንሽ መጋዘን ይገባል።»

በማግስቱ ስልካቸውን ሰኩና እንደተሰካ ጆሯቸው ላይ አድርገው ሲያዙ፣ ሲቆጡ፣ ሲመክሩ አረፈዱ። ምሳ ሰዓት ላይ ሲያዩት ግማሽ እንኳ አልደረሰም። መጨረሻው ቀዳዳ ላይ የተሰካው የዘበኛው ስልክ ግን ጢም ብሏል።

ሠራተኛውን ሁሉ ሰበሰቡ።

«ዘበኛ ከኃላፊ እንዴት ይቀድማል? ተናገሪ፤ አለዚያ ሳጥኑን አንሺ።»

«ጋሼ፣ ሳጥኑስ ለሁለታችሁም እኩል ነው የሰጠው» አለች። «የዘበኛው ስልክ ዝም ብሎ ተቀበለ። የእርስዎ ግን የተሰጠውን ሁሉ በወሬ ጨረሰው።»

አቶ ሹመቴ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱና፣ ሠራተኛውን አየት አድርገው መልሰው ገጠሙት። ከሰዓት በኋላ ስልካቸው ሞላ።