ጎራ አምባ ላይ ስጦታ የሚቀመስበት ምክንያት

ጎራ አምባ ላይ ማርም ይሁን ጠላ፣ ስጦታ ይዞ የመጣ ሰው አስቀድሞ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል። ማጭድ ያመጣ እንኳ ባዶ መዳፉን ልሶ ነው የሚያስረክበው፤ አገሩን ለማያውቅ ያስቃል። ልማዱ የመጣው ከእንግዳሸት ነው ይባላል።

እንደሚነገረው እንግዳሸት ከስዊድን ሚሲዮኖች ዘንድ አድጎ፣ ከጀርመንና ከእንግሊዝ መንገደኞች ጋር ዞሮ የሦስቱንም ቋንቋ የለቀመ፣ የግራዝማች ደምሰው አስተርጓሚ ነበር። አፉ ስለማያርፍ «ሲተኛ በሦስት ቋንቋ ያንኮራፋል» እያሉ ያሙት ነበር።

በአንድ ጥቅምት፣ ከሦስቱም አገር የተውጣጡ ቢራቢሮ ለቃሚ ፈረንጆች እግራዝማች ቤት ሰንብተው ሲሄዱ፣ መስታወት፣ መቀስና አንድ ብልቃጥ ትተው ሄዱ። በሦስተኛው ቀን የግራዝማች አንዲት ልጅ ጥሩወርቅ በንዳድ ወደቀች። ግራዝማች ብልቃጡ ትዝ ቢላቸው፣ የፈረንጅ መድኃኒት ይሆናል ብለው እንግዳሸትን አስጠሩት።

«ምን ይላል?»

ብልቃጡ ላይ የተጻፈው አንድ ቃል ነው፤ «ጊፍት»። ቃሉ ለእንግሊዙ ስጦታ፣ ለጀርመኑ መርዝ ነው፤ ስዊድኑ ደግሞ መርዝንም ያገባ ሰውንም ይልበታል። ሥሩ አንድ፣ ከ«መስጠት» የወጣ ነው፤ የሚሰጠው ነገር ግን እንዳገሩ ይለያያል። እኛስ ብንሆን «መድኃኒት አጠጣችው» ስንል ማዳኗ ነው መግደሏ? ከፈረንጆቹ የትኛው እንደጻፈው ያየ የለም።

«ጌታዬ፣ ስጦታም መርዝም ይሆናል» አለ።

«ልጄ እየሞተች ትቀልዳለህ? አንዱን በል!»

ስጦታ ነው ብሎ መርዝ ቢሆን ገዳይዋ እሱ ነው፤ መርዝ ነው ብሎ መድኃኒት ቢሆን መዳኛዋን መከልከሉ ነው። በሁለቱም መሰቀል አይቀርለትም። እንግዳሸት እጅግ ፈራ። ግራዝማች ትዕግሥታቸው አልቆ ከብልቃጡ በማንኪያ ቀድተው ወደ ልጅቱ ከንፈር ሲያስጠጉ ግን ብልቃጡን ነጠቀና፣ ጠጅ አሳላፊዎች በጌታቸው ፊት እንደሚያደርጉት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ላሰው።

«እህ?» አሉ ግራዝማች።

አፉን ከፈተ፤ ድምፅ አልወጣውም። ምላሱ ተልጦ፣ እንባው እየወረደ፣ በእጁ ማንኪያውን ድፉት ድፉት አለ። ለካ ፈረንጆቹ ረስተውት የሄዱት፣ ቢራቢሮ የሚገድሉበት መርዝ ኖሯል።

ጥሩወርቅን ንዳዱ በሳምንቱ ለቀቃት። እንግዳሸት ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ኖረ ይባላል፣ በአንዱም ቋንቋ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ።

ዛሬም በጎራ አምባ ስጦታ ያመጣው ሰው ቀምሶ ሲያበቃ የራሱን ስም ይናገራል፤ እስኪናገር ድረስ ተቀባዩ እጁን አይዘረጋም። አንዳንድ ቀልደኛ ሆን ብሎ ጥቂት ዝም ያለ እንደሆነ፣ ከቤቱ ሰው የሚስቅ የለም።