የሐኪም እንድሪስ ሰዓት ለማን ይታሰር?

በአንድ ወቅት፣ ደሴ ከተማ፣ ከጦሳ ተራራ ግርጌ፣ እንድሪስ የሚባል ሐኪም ዘምዘም ከምትባል ሚስቱ ጋር ይኖር ነበር። ታሪኩን ከዘምዘም ልጀምር፤ ፍርዱ በመጨረሻ የሚወድቀው እሷ ጫንቃ ላይ ነውና። ከሷ ደግሞ ወደ እናንተ ይመጣል። እስከዚያ ድረስ ማንም ቸኩሎ እንዳይፈርድብኝ!

ዘምዘም የማይሻር ሕግ ነበራት። ከሆስፒታል የመጣ ነገር ሁሉ፣ ደጃፉ ላይ ከተቀመጠው ሰማያዊ ሳፋ ገብቶ በበረኪና ሳይዘፈዘፍ ቤት አይገባም። የባሏ ጋውን፣ ካልሲው፣ መሀረቡ፣ አንዴማ ኪሱ ውስጥ የተረሳ ብዕሩ ሳይቀር ተዘፍዝፏል። ጎረቤት ያሾፍባታል። እሷ ምን ገዷት! ሦስት ልጆች ስታሳድግ የሆስፒታል በሽታ አንድም ቀን ደጇን አልፎ አያውቅም።

ከዚህ ሕግ ያመለጠ አንድ ነገር ቢኖር የእንድሪስ የእጅ ሰዓት ነው። ስዊዝ ሠራሽ፣ ሰንሰለቱ ወርቅ፣ ባትሪ የማይፈልግ፣ በክንድ እንቅስቃሴ የሚሄድ ሰዓት። የተመረቀ ጊዜ እናቱ የአንገቷን ወርቅ ሸጣ የገዛችለት ነው። ቀዶ ጥገና ሲገባ ያወልቀዋል፤ ድንገተኛ ክፍል ሲሠራና ታካሚ ሲጎበኝ ግን ከእጁ አይለየውም። የሰው ልብ ምት የሚቆጥረው በሱ ነው። ከሥራ ሲወጣ ራሱ በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ይጠርገዋል። «ዘሙዬ፣ ይኼን ከሳፋሽ ጋር እንዳታስተዋውቂው» ይላታል እየሳቀ።

ታዲያ አንድ ቀን አውቶቡስ ተገልብጦ ቁስለኛ ጎረፈ። እንድሪስ ሰዓቱን እንዳሰረ፣ ጓንቱ በደም እንደተነከረ፣ ቁስል ሲጠግን ቆይቶ ራሱ ተዝለፍልፎ ወደቀ። ልብሱንና ሰዓቱን አውልቀው በላስቲክ ከረጢት አስቀመጡለት። ሲመረመር ደሙ ታሞ ተገኘ። በሽታው ክፉ ነው፤ መድኃኒቱም ከበሽታው አይሻልም። የሰውነትን መከላከያ ጠራርጎ ስለሚያጠፋ፣ ለጤነኛ ሰው ምንም የማትመስል ቆሻሻ ልትገድለው ትችላለች። ለብቻው፣ በመስታወት በተከለለ ክፍል አስተኙት።

መድኃኒቱ ሊጀመር በተባለበት ዕለት እንድሪስ አሻፈረኝ አለ።

«ሰዓቴን አምጡልኝ። የልቤን ምት በገዛ ሰዓቴ ሳልቆጥር ይኼን መርዝ አልወስድም።»

ዘምዘም ለመነችው። ተቆጣችው። አለቀሰችበት። ወይ ፍንክች! ባልደረቦቹ ዛሬ ካልተጀመረ በሽታው እንደሚቀድማቸው ነገሩት። ይኼንንማ ከነሱ በላይ ያውቃል፣ ሐኪም አይደል እንዴ! ከሱ የባሰ አስቸጋሪ ታማሚ ግን ያ ሆስፒታል አይቶ አያውቅም። ሦስቱ ልጆቹ አፋቸውን በጭንብል ሸፍነው በሩ ላይ ቆመዋል። አየት አየት አደረጋቸውና፦

«ንጹሕ አድርጎ፣ እየሄደ፣ እጄ ላይ ያሰረልኝ ልጅ፣ ከኔ በኋላ ሰዓቱ የሱ ነው» አለ።

ዘምዘም ይህን ቃል በገዛ ጆሮዋ ሰማች። የሰማችው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰዓቱ ካልመጣ ባሏ ይሞታል። ንጹሕ ፒጃማ ልታመጣለት ወደ ቤት ሮጠች።

ትንሹ ልጅ ሙሄ ባጃጅ ነጂ ነው። ከረጢቱን ከሆስፒታል የተረከበው እሱ ነበር። ሰዓቱን ሊያስጸዳ ቀድሞት ወደ ሄደው ወንድሙ ሱቅ ሲያልፍ እናቱን ሊጭን ቤት ጎራ አለ። መንገድ ላይ ሰዓቱን አውጥቶ ቢያየው ቆሟል። አባቴ እንዲህ ሆኖ ባያየው ብሎ፣ በጎን ያለችውን ማዞሪያ ስቦ ጊዜውን አስተካከለ። ማዞሪያዋን መልሶ መጫኑን ግን ረሳ። ሰዓቱን ከደም ልብሱ መሀል መልሶ ከረጢቱን ደጃፉ ላይ አኖረና ባጃጁን ሊያዞር ሄደ።

ዘምዘም ፒጃማውን ይዛ ብቅ ስትል የሆስፒታል ከረጢት ደጇ ላይ ተቀምጧል። ልቧ እዚያ መስታወት ቤት ነው ያለው፤ እጇ ግን ሥራውን ያውቃል። ከረጢቱን አንስታ፣ ሳትከፍት ሳታይ፣ እንዳለ ሳፋው ውስጥ ገለበጠችው።

«እማዬ! ሰዓቱ!»

ሙሄ እንደ እብድ ዘሎ ሁለት እጁን ሳፋው ውስጥ ነከረ። በረኪናው ተፈናጥሮ ዓይኑ ውስጥ ገባ። እሱ ግን አልለቀቀም፤ እየዳበሰ ሰዓቱን አገኘው፣ ማዞሪያዋንም በአውራ ጣቱ ጫን አደረጋት። ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ቤቱ ውስጥ የቀረው በጀሪካን ሥር ያለች ጥቂት ውሃ ነበረች።

«ዓይንህን! ዓይንህን ታጠብ ልጄ!» ብላ ጮኸች ዘምዘም።

«ሰዓቱ ይቅደም» አለ ሙሄ። ያቺን ውሃ ሰዓቱ ላይ አንጠፍጥፎ ጨረሳት። ከዚያ በኋላ ነው አንድ ዓይኑን በእጁ ይዞ ውሃ ፍለጋ ወደ ጎረቤት የሮጠው። ዘምዘም ፊቷን ነጨች። ቤቷን ከበሽታ ስትጠብቅበት የኖረችው ሳፋ ዛሬ ሰዓቱንም ልጇንም ሊያሳጣት ነበር።

መካከለኛው ልጅ ጀማል ፒያሳ ላይ ሰዓትና መነጽር ይጠግናል። አባቱ ሐኪም እንዲሆንለት ነበር የፈለገው፤ አልሆነለትም። ስንት ዘመን «አባዬ፣ ሰዓትህን ላጽዳልህ» ሲለው፣ «ይኼ የሱቅ ሰዓት አይደለም» ብሎ ይመልሰው ነበር። አሁን ዘምዘምና ሙሄ ያንኑ ሰዓት፣ መስታወቱ ከውስጥ ጤዛ እንደያዘ፣ አምጥተው መዳፉ ላይ ጣሉት። እናቱ ባንኮኒው ላይ ተደገፈች።

ጀማል ሱቁን ዘጋ። ጀርባውን ከፍቶ የሰረገውን እርጥበት አደረቀ። ሰንሰለቱን ከሰዓቱ ለይቶ ለብ ባለ የሳሙና ውሃ፣ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ፣ በእያንዳንዱ መጋጠሚያ መሀል እየገባ አሸ። የደረቀ ደም ቡናማ ሆኖ ወረደ። ሰዓቱን ራሱን ውሃ አላስነካውም፤ ረጠብ ባለ ጨርቅ ብቻ ጠረገው።

«አልኮሉን ከላይ አፍስስበትና ይለቅ!» አለች ዘምዘም ቸኩላ።

«አይፈሰስም እማዬ። ጨርቁ ላይ ነው የሚደረገው። ወደ ውስጥ ከገባ ዘይቱን አጥቦ ያቆመዋል።»

ስልኳ ጮኸ። ሴት ልጇ ሰዓዳ ናት፤ ሐኪሞቹ እየተነጫነጩ ነው፣ አባቷም ክንዱን ከመርፌው አሽሽቷል። ጀማል ግን አንዴም ቀና ሳይል ሰንሰለቱን መልሶ ገጠመ፣ ሰዓቱን ወዝወዝ አደረገው። የሰከንዱ ዘንግ ተንቀሳቀሰች። ዘምዘም የልጇን ጣቶች አንድ በአንድ ሳመች። በቃ፣ ያለቀ መሰላት።

አላለቀም! ሰዓዳ የልጆቹ ታላቅ፣ የዚያው የመስታወት ክፍል ነርስ ናት። እናቷና ሁለቱ ወንድሞቿ እያለከለኩ ሲደርሱ በሩ ላይ ቆማ ሰዓቱን በጓንት ተቀበለች። የሚያብለጨልጭ ሰዓት ነው። እሷ ግን የሰንሰለቱን መቆለፊያ ከፍታ፣ ነጭ ጥጥ በአልኮል ነክራ፣ በማጠፊያዋ ሥር ሰደድ አድርጋ አወጣችው። ጥጡ ቡናማ ሆነ።

«አይገባም» አለች።

ጀማል ጥጡን አይቶ ስህተቱ ገባው። መጋጠሚያውን ሁሉ አጥቦ፣ በጥድፊያ መቆለፊያውን ሳይከፍት ዘልሎታል። ሙሄ አንድ ዓይኑ በፋሻ እንደታሰረ አንባረቀባት፦ «ዓይኔን የሰጠሁበትን ልትከለክይ ነው?»

እንድሪስ ከውስጥ ሰዓቱን አየው። ክንዱን ወደ መስታወቱ ዘረጋ። «ሰዓዳ! ስጪኝ! አሁኑኑ!»

ዋናው ሐኪም ከበስተኋላ፣ ካሁን በኋላ ከዘገየ ለዛሬ እንደማይሆን ተናገረ። ዘምዘም ያን ጊዜ ሰማይ ምድሩ ዞረባት። የልጇን ክንድ ጭምድድ አድርጋ ያዘች።

«ልጄ፣ በሞቴ፣ አባትሽ እኮ ነው!»

«አባቴ ስለሆነ ነው እማዬ» አለች ሰዓዳ። እንባዋ በጭንብሏ ላይ ይወርዳል፣ ከበሩ ግን አልተነቃነቀችም።

እንድሪስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «ልጅ ያለኝ መስሎኝ ነበር። ለካ ነርስ ነሽ» አለ። ሁሉም ሰማው።

ሰዓዳ ማጠፊያውን በሳሙና አሸች፣ በእርጥብ ጨርቅ ሳሙናውን አነሳች፣ በአልኮል ጠረገች፣ እስኪደርቅ ጠበቀች። እስኪደርቅ መጠበቋ ሁሉንም አሳበዳቸው! አዲስ ጥጥ ነክራ እንደገና ሰደደች። ጥጡ ነጭ ሆኖ ወጣ። ያኔ ጓንቷን ቀይራ ገባችና የአባቷን ክንድ ይዛ አሰረችለት። እንድሪስ ሁለት ጣቱን አንገቱ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ከሰከንዱ ዘንግ ሳይነቅል የልቡን ምት ቆጠረ። ሲጨርስ ሌላኛውን ክንዱን ለመርፌው ዘረጋ። ለሰዓዳ አንድ ቃል አልተነፈሰላትም።

መድኃኒቱ ሠራ። እንድሪስ ቤቱ ተመለሰ፣ ልብሱም እንደ ወትሮው ሳፋው ውስጥ ተዘፈዘፈ፣ ዓመትም ከረመ። በሰዓቱ ነገር ዘምዘም ስትጠይቀው ግን፣ «ቃሌን ሰምተሻል፤ እኔ ስሄድ አንቺ ፍረጂ» ብሎ ይስቅባታል። ከዚያ በሽታው ተመልሶ መጣና ወሰደው። አላህ ይዘንለት።

ሐዘኑ በረድ ሲል ሦስቱ ልጆች እናታቸው ፊት ተቀመጡ።

«እየሄደ ብሏል አባዬ» አለ ሙሄ። «እኔ ባላወጣው ኖሮ በረኪና በልቶት የሚሄድ ሰዓት አይኖርም ነበር። ይኸው ዓይኔ ፀሐይ ባየ ቁጥር ያለቅሳል፤ ሲመሽ ባጃጅ መንዳት ትቻለሁ።»

«ውሃ ያስገባበት ማነው ታዲያ? ማዞሪያዋን ከፍተህ የተውክ አንተ!» አለ ጀማል። «ንጹሕ አድርጎ ነው ያለው። ዕድሜ ልኩን አላስነካህም ያለኝን ሰዓት ከፍቼ ነፍስ የዘራሁበት እኔ ነኝ። እማዬ፣ ለኔ ቢሰጠኝ የሱቅ ሰዓት አይሆንም። አባቴ ሥራዬን እንዳየልኝ እቆጥረዋለሁ።»

«ደሙን ከነመቆለፊያው ይዘህለት ልትገባ ነበር» አለች ሰዓዳ ቀስ ብላ። «እጄ ላይ ያሰረልኝ አለ። ያሰርኩለት እኔ ነኝ። ስለዚያ ቀን ይቅር ሳይለኝ ነው የሞተው። ሌላ ከሱ የምጠብቀው ነገር የለኝም።»

«አንቺማ የሥራሽን ነው የሠራሽው!» አሉ ሁለቱ ባንድ አፍ።

ዘምዘም ምን ታድርግ? ለአንዱ ብትሰጥ በሁለቱ ልብ ላይ በረኪና ማፍሰስ ነው። ሸጣ እንዳታካፍላቸው፣ የአማቷ የአንገት ወርቅ ነው። ሳጥን ውስጥ እንዳትቆልፍበት፣ ያ ሰዓት ክንድ ካጣ ይቆማል፤ እሱ ሲቆምባት ደግሞ እንድሪስን ሁለተኛ መቅበር ይሆንባታል። ስለዚህ ለጊዜው ብላ በራሷ እጅ አሰረችው። ሰፍቷት እስከ ክርኗ ይንሸራተታል። ሳፋው ዘንድ ስትሄድ ታወልቀዋለች፣ በአልኮል በረጠበ ጨርቅ ትጠርገዋለች፣ እጇን አድርቃ መልሳ ታስረዋለች። ልጆቹ በመጡ ቁጥር ሦስቱም መጀመሪያ የሚያዩት ፊቷን ሳይሆን ክንዷን ነው። እሷም ይኼንን አይታ ሌሊቱን እንቅልፍ አጣች።

እኔ የሰማሁት እዚህ ድረስ ነው። እናንተ ደግሞ የሟቹን ቃል ሰምታችኋል፣ የልጆቹንም ሰምታችኋል። ዓይኑን ከሰጠው ከሙሄ፣ ነፍስ ከዘራበት ከጀማል፣ በሩን ዘግታ ከቆመችው ከሰዓዳ፣ ሰዓቱ የሚገባው ለማን ነው? ዘምዘም ክንዷን ዘርግታ እየጠበቀች ነው፤ አውልቃ ለማን ትሰር?